የሚፈቅደው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ
(በአትላንታና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችና ተማሪዎች የተዘጋጀ ዲስኩር)



ጁላይ 28 ቀን 1996 ፋጡማ ሮባ እዚሁ ከተማ ውስጥ ወደ ኦሊምፒክ ስታዲየሙ ብቻዋን ሮጣ ገባች። ከኋላዋ የሚታይ ሰው አልነበረም። የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በማግስቱ ደግሞ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዚያው ስታዲየም ፖል ቴርጋትን ቀድሞ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ወሰደ። ከእናንተ መካከል ያን ቀን ባንዲራ ይዛችሁ የነበራችሁ አትጠፉም። (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ስታዲየም ዛሬም ቆሟል። ከውድድሩ በኋላ ከፊሉ ፈርሶ የቤዝቦል ሜዳ ሆነና የብሬቭስ ቡድን እስከ 2016 ድረስ ተጫወተበት። በ2017 መጀመሪያ ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከአልሚዎች ጋር ሆኖ ስታዲየሙንና ዙሪያውን ያለውን መሬት በ30 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ የፉትቦል ቡድኑም በዚያው ዓመት መጫወቻው አደረገው። ፉትቦል ስል የእኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። ኳሱ በእጅ የሚያዝበትን፣ ተጫዋቹ ቁር ደፍቶ የሚገባበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። ይህን ያነሣሁት ስለ ሩጫ ለማውራት አይደለም። የእኛ ትዝታ ያለበት ቦታ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ቤት ስለሆነ፣ የዚህ ስፖርት ወጪ ደግሞ በልጆቻችን የክፍያ ሰነድ ላይ በአንዲት መስመር ስለሚመጣ ነው።

ያቺን መስመር መጀመሪያ ያየኋት በራሴ ቤት ነው። ልጄ የምትማርበትን ትምህርት ቤት ስሙን አላነሣም፤ ብዙዎቹ ጋ ያለው አሠራር አንድ ነውና። ሰነዱን ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። የትምህርቱ ክፍያ፣ ቱሽን የምንለው፣ ከላይ አለ። ከእሱ በታች የቴክኖሎጂ፣ የትራንስፖርት፣ የጤና፣ የተማሪዎች እንቅስቃሴ እያለ ይወርዳል። ከነዚያ መካከል የአትሌቲክስ የሚል አለ። ልጄ ሦስት ዓመት ስትማር አንድ ጨዋታ አይታ አታውቅም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ትሠራለች። ደወልኩ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው አስተላለፈኝ፣ ያኛው ደግሞ ወደ ሦስተኛው። ሁሉም በትሕትና ነው ያነጋገሩኝ። ግን ይህን ክፍያ ማን ጠይቆ፣ ማን ፈቅዶ፣ እስከ መቼ ድረስ እንደሚከፈል የነገረኝ ሰው አልነበረም። ገንዘቡ አይደለም ያንገበገበኝ። ከኪሴ የወጣበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው ማጣቴ ነው።

እዚህ ጆርጂያ ለምንኖር ነገሩ ይበልጥ ይነካናል። ብዙዎቻችን «ልጄ ሆፕ አግኝቷል፣ ተመስገን» ብለን እንተኛለን። ሆፕ ስኮላርሺፕ ከ1993 ጀምሮ በሎተሪ ገንዘብ ብዙ የሀበሻ ልጆችን አስተምሯል፤ ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን በ2011 ሕጉ ሲሻሻል መጻሕፍትንና እነዚህን ተጨማሪ ክፍያዎች መሸፈን አቆመ። ቱሽኑ ቢከፈልም ፊ የሚባለው ተጨማሪ ክፍያ በእኛ ላይ ይቀራል። ቤተሰቡ ገንዘብ ከሌለው ልጁ ይበደራል። የመንግሥት የተማሪ ብድር ለክፍል ይሁን ለሜዳ ብሎ አይለይም፤ በተበደሩት ላይ ሁሉ ወለድ ይሄዳል። ስለዚህ ልጁ ቡድኑን ከዩኒቨርሲቲው ከወጣ ከዓመታት በኋላም ሲደግፍ ይኖራል፤ ያውም በወለድ።

እንግዲህ ማን ነው የሚወስነው? ይህ እንደየክፍለ ሀገሩ ይለያያል። በጆርጂያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንድ አስገዳጅ ክፍያ ከመጨመሩ በፊት ቢያንስ ግማሹ ተማሪ የሆነ ኮሚቴ ይመክርበታል። ኮሚቴው ይመክራል እንጂ አይወስንም፤ ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አልፎ የመጨረሻው ቃል ዩኒቨርሲቲዎቹን ሁሉ የሚያስተዳድረው ቦርድ ነው። በብዙ የቴክሳስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ጥያቄው ለተማሪው ሁሉ በድምፅ መስጫ ይቀርባል። በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ድምፅ ማሰጠትም፣ ያለ ድምፅ ማወያየትም ይቻላል፤ ድምፅ ከተሰጠም ውጤቱ ለፕሬዚዳንቱ ምክር ነው። «ተማሪዎቹ ወሰኑ» የሚል ዜና ስትሰሙ እንግዲህ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንን ይሁን፦ ድምፃቸው ያስራል ወይስ ሐሳብ ብቻ ነው? ቴክሳስ አርሊንግተን በ1985 ፉትቦሉን የዘጋ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2004 ተማሪዎቹ ቡድኑን ለመመለስ ክፍያ እንዲጨመርባቸው በድምፃቸው ተስማሙ። ቡድኑ ግን አልተመለሰም። አልመልስም ያለው አስተዳደር የገንዘብ ምክንያቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ራሴ በእነሱ ቦታ ብሆን ሳልፈራ አልቀርም። ሆኖም ወረፋ ይዞ ድምፅ የሰጠ የ19 ዓመት ልጅ ድምፁ ምን ያህል እንደሚመዝን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር እላለሁ።

አንዱን ድምፅ አሰጣጥ ትንሽ ልቆይበት፤ ቁጥሩ ስላለና ብዙ ስለሚያስተምር ነው። ከዳላስ በስተ ሰሜን፣ ዴንተን ከተማ፣ የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አለ። በኦክቶበር 2008 ተማሪዎቹ አንድ ጥያቄ ቀረበላቸው። ለአዲስ የፉትቦል ስታዲየም በእያንዳንዱ የክሬዲት ሰዓት 7 ዶላር ይጨመር ወይስ አይጨመር? 2,829 ተማሪዎች ይጨመር አሉ፤ 2,038 አይጨመር አሉ። 58.1 በመቶ ማለት ነው፤ አለፈ። ስታዲየሙም 78 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በ2011 ተከፈተ።

እስኪ ይህንን በእኛ ቋንቋ እንመንዝረው። ድምፅ የሰጠው ከጠቅላላው ተማሪ 13.9 በመቶው ነበር። መቶ ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ ቢቀመጡ፣ 8ቱ እጃቸውን አውጥተው እሺ አሉ፤ 6ቱ እምቢ አሉ፤ 86ቱ ዝም አሉ። ክፍያው ግን በመቶውም ላይ ነው። በአንድ ሰሚስተር 12 ክሬዲት ለሚወስድ ልጅ 84 ዶላር፣ 15 ለሚወስድ 105 ዶላር ይመጣል።

ማንም ሕግ አልጣሰም። ድምፁ በግልጽ ተቆጥሯል፤ ቁጥሩም ወጥቷል፤ ለዚህም ነው ዛሬ እዚህ ቆሜ ልነግራችሁ የቻልኩት። ይህ ራሱ የሚመሰገን ነው። ዝም ያሉትንም 86ቱን አልወቅስም። ሁለት ሥራ ይዞ የሚማር፣ በአውቶቡስ የሚመላለስ፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ተማሪ ምርጫ መኖሩን ሳይሰማ ሊያልፍ ይችላል። የእኛ ልጆች አብዛኞቹ ከነዚህ ወገን ናቸው። ስለዚህ ግልጽነት ስል ወረቀቱ በድረ ገጽ ላይ ተለጥፏል ማለቴ አይደለም። ማታ ክፍል የሚገባው ልጅ ጋ ደርሷል ወይ ማለቴ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደኝ ግን ጊዜው ነው። ተማሪ አራት ዓመት፣ ቢበዛ አምስትና ስድስት ዓመት ይቆያል። የስታዲየም ዕዳ በቦንድ ሲወሰድ ሠላሳ ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። በ2008 መከር ድምፅ የሰጠ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስታዲየሙ ሲከፈት ተመርቆ ሄዷል። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው የ18 ዓመት ልጅ በዚያ ሳምንት በእናቱ ጀርባ ላይ ነበር፤ ምናልባትም ገና አልተወለደም። የሚፈቅደው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ነው። እድራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ብታቀርቡ ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ። የወር መዋጮ ላይ 2 ዶላር ለመጨመር እንኳ ስብሰባ ይጠራል፤ ምልአተ ጉባኤ ካልሞላ ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ይዞ ይነሣል፤ ባለፈው ዓመት ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለምን አነሰ ብሎ ይናገራል። አንዲት እናት ከኋላ ተነሥታ «ድንኳኑ ባለፈው ዓመት አልተገዛም ወይ? ዛሬ ደግሞ ለምን?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልስ ሳታገኝ አትቀመጥም። ያን ጊዜ ስብሰባው ስለረዘመ ብዙዎቻችን ሰዓታችንን እናያለን። ልጆቻችን ግን ያቺ እናት የምትጠይቀውን ጥያቄ የሚጠይቅላቸው ሰው የላቸውም።

አሁን ወደ ጥያቄው አጻጻፍ ልምጣ። ፉትቦል ብቻውን አይመጣም። አንድ ቡድን ሲቋቋም ከመቶ በላይ ተጫዋች ሊይዝ ይችላል። በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የሚባለው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ለሴቶችና ለወንዶች እኩል ዕድል እንዲሰጡ ያዛል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ለሴቶችም አዲስ ስፖርት መጨመር ይኖርበታል፤ ይህም ተገቢ ነው። ማርሽ ባንድ አለ። ሐኪም፣ የአካል ብቃት አሠልጣኝ፣ የጉዞ አውሮፕላን አለ። አሠልጣኙ ቢባረር በውሉ መሠረት የሚከፈለው ገንዘብ አለ። በድምፅ መስጫው ላይ «ፉትቦል ይኑረን?» ተብሎ ሲጠየቅ ልጁ የሚያየው ቅዳሜውን ነው፣ ጩኸቱንና ቀለሙን። ከበስተኋላ ያለውን ወጪ ማየት የሚችለው ከተጻፈለት ብቻ ነው።

ከዚህ አንጻር ሌላ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ አድርጎ አቅርቦታል ብዬ አምናለሁ። ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ያለው የሪዮ ግራንዴ ቫሊ ዩኒቨርሲቲ በኖቬምበር 2021 ተማሪዎቹን ድምፅ ሲያሰጥ ቁጥሩን ለይቶ አስቀመጠ፦ በክሬዲት ሰዓት 11 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ገንዘቡም ለፉትቦል ብቻ ሳይሆን ለማርሽ ባንዱና ለሴቶች የውኃ ዋና ስፖርት ጭምር እንደሆነ ተናገረ። ከድምፅ ሰጪዎቹ አብዛኞቹ ደገፉት፤ ቡድኑም በ2025 መጫወት ጀመረ። ያ አካባቢ ብዙ ድሃ ቤተሰብ ያለበት፣ ፉትቦልን ደግሞ ከልቡ የሚወድ ሸለቆ ነው። ሰዎቹ የራሳችን ቡድን ይኑረን ብለው ዓመታት ተመኝተዋል። ያንን ምኞት አላቃልልም። ግን እዚያም ቢሆን ማባዛት ያስፈልጋል። 12 ክሬዲት በሰሚስተር 135 ዶላር ነው። በስምንት ሰሚስተር 1,080 ዶላር ይሆናል። «11 ዶላር ከ25» እና «1,080 ዶላር» አንድ ገንዘብ ናቸው፤ በጆሮ ሲገቡ ግን አንድ አይደሉም። ሁለቱም ጎን ለጎን ቢጻፉ ምን ይጎዳል? የሚደግፈው ይደግፋል፤ ያውም ዐውቆ።

የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ደንብ በዚህ በኩል የምወደው ነገር አለው። ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ ለመራጮች ማብራሪያ እንዲወጣ፣ በውስጡም የደጋፊዎችና የተቃዋሚዎች ጽሑፍ አብሮ እንዲታተም ያዛል። ብዙ ቦታ ግን የምታዩት የአንድ ወገን ብቻ ነው። ቲሸርት ይታደላል፣ የቡድኑ ምልክት ያለበት ፖስተር ይለጠፋል፣ አሠልጣኞች ክፍል ለክፍል ይዞራሉ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ገንዘብ ጠያቂም፣ ምርጫ አስፈጻሚም፣ ቀስቃሽም ሲሆን የተማሪው እምቢታ የሚናገርበት አፍ ያጣል።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ቃል አለ፣ እባካችሁ ያዙልኝ፤ «ገቢ» የሚለው። የስፖርት ክፍሎች በየዓመቱ ለኤንሲኤኤ፣ የዩኒቨርሲቲ ስፖርቶችን ለሚያስተዳድረው ማኅበር፣ የሒሳብ መግለጫ ያቀርባሉ። በዚያ መግለጫ ላይ ከተማሪው የተሰበሰበው ክፍያ «ገቢ» በሚለው ዓምድ ሥር ይገባል፤ ከትኬት ሽያጭና ከቴሌቪዥን ገንዘብ ጋር አብሮ። ከዩኒቨርሲቲው ካዝና የሚሰጠው ድጎማም እንደዚያው። ስለዚህ «የስፖርት ክፍላችን ገቢና ወጪው ተመጣጥኗል» ሲባል፣ ጎዶሎው በልጆቻችን ገንዘብ ተሞልቶ ተመጣጥኖ ሊሆን ይችላል። ውሸት አልተነገረም። ያልተነገረው ነገር ግን ትልቁ ነው።

መጠኑ ትንሽ አይደለም። በ2015 ክሮኒክል ኦቭ ሃየር ኤዱኬሽን እና ሀፊንግተን ፖስት 201 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የሒሳብ መግለጫ ሰብስበው መረመሩ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከተማሪ ክፍያና ከሌላ ድጎማ ከ10.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወደ ስፖርት መፍሰሱን አገኙ። ድጎማው የሚበዛባቸው ደግሞ ስማቸው በቴሌቪዥን የሚጠራው ታላላቆቹ አይደሉም። የድሃ ልጅ በብዛት የሚማርባቸው ናቸው። ታላላቆቹ የትኬትና የቴሌቪዥን ገንዘብ ስላላቸው ተማሪውን ብዙም አይነኩትም። እነሱን ለመምሰል የሚሮጠው ነው ተማሪው ላይ የሚጭነው። አንድ ቀን ትርፍ ይመጣል፣ ስማችን ይታወቃል፣ ተመራቂዎች ይለግሳሉ እየተባለ ዓመት ያልፋል፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሆናል።

ቨርጂኒያ ይህንን አይታ በ2015 በሕግ ገደብ አበጀች። ትልቅ ሊግ ውስጥ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከስፖርት በጀታቸው ከ20 በመቶ በላይ ከተማሪ ክፍያና ከድጎማ እንዳይወስዱ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት ከ55 በመቶ እንዳያልፉ አለች። የሌላው ክፍለ ሀገር ሕግ አውጪ ይህንን ለመመልከት ምን እንደሚያግደው አላውቅም። ጊዜውም ይጠይቃል፤ በጁን 2025 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል፤ ጣሪያው በመጀመሪያው ዓመት ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለወጣቶቹ ስፖርተኞች ይገባቸዋል፤ ብዙ ዘመን በነጻ ደክመዋል። ግን ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ወደ ተማሪው የክፍያ ሰነድ ዞር እያለ ነው፣ እኛም ነቅተን መጠበቅ አለብን።

ፉትቦልን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ጆርጂያ ስቴት በ2010 ነው መጫወት የጀመረው። በ2013 ወደ ከፍተኛው ደረጃ ባደገበት ዓመት 12 ተጫውቶ 12ቱንም ተሸነፈ። በ2019 ደግሞ ኖክስቪል ሄዶ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ በሚይዘው ስታዲየም፣ ቴነሲን 38 ለ30 አሸነፈ። የዚያን ዕለት ማታ በዚህ ከተማ የነበረው ደስታ እውነተኛ ነበር። አንድ ወዳጄ ልጁ ስልክ ደውሎ ሲጮኽ አደጋ የደረሰበት መስሎት ደንግጦ እንደነበር አጫውቶኛል። እንደዚያ ያለ ቀን ለአንድ ወጣት ትዝታ ነው፤ ትዝታም ዋጋ አለው። እኔ የምለው ዋጋው ይነገረን ነው። ዋጋውን ዐውቆ የሚገዛ ሰው የሚሰማው ደስታም ንጹሕ ነው።

ተማሪዎች፣ አሁን ለእናንተ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ያ የኤንሲኤኤ የሒሳብ መግለጫ የሕዝብ ሰነድ ነው። በጆርጂያ የሰነዶች ሕግ መሠረት ጥያቄ የቀረበለት መሥሪያ ቤት በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት፤ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሰነዶች ግን ሕጉ እስከ 90 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያት እንድትናገሩ አትገደዱም። አጭር ኢሜይል ይበቃል፤ «የመጨረሻውን ዓመት የኤንሲኤኤ የፋይናንስ ሪፖርት እፈልጋለሁ» በሉ። ሲመጣላችሁ የተማሪ ክፍያ የሚለውን መስመር ፈልጉና ከትኬት ሽያጩ ጋር አስተያዩት፤ ያ ብቻ ብዙ ይነግራችኋል። የግል ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ይህ ሕግ አይሠራም፤ እዚያ የተማሪዎች ተወካዮቻችሁን መጠየቅ ነው። የክፍያ ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ተማሪዎች እነማን እንደሆኑ፣ መቼ እንደሚሰበሰቡ፣ ቃለ ጉባኤው የት እንዳለ ጠይቁ። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ግቡበት። ከመካከላችሁ አንዷ እዚያ ብትቀመጥ እኔ ያን ጊዜ በስልክ ያጣሁትን መልስ የምትሰጠኝ እሷ ትሆናለች።

ድምፅ ሊሰጥ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሚከፈልበት የመጨረሻ ዓመት ተጽፎ እንደሆነ እዩ። የስታዲየሙ ዕዳ ሲያልቅ ክፍያው ይቆማል ወይስ ስሙን ቀይሮ ይቀጥላል? ቡድኑ ቢዘጋስ? አላባማ በርሚንግሃም በዲሴምበር 2014 ፉትቦሉን ዘግቶ፣ በሕዝቡ ጩኸት በ2015 ለመመለስ ወስኖ፣ እንደገና መጫወት የጀመረው በ2017 ነው። እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል። በዚያ መሐል የሚገኝ ተማሪ ለሌለ ቡድን እንዳይከፍል የሚጠብቀው ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ብቻ ነው።

ወላጆች፣ እናንተን የማስቸግረው በአንድ ነገር ነው። ከበር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስምና ቁጥሩ የተሰረዘ የክፍያ ሰነድ አባዝቼ አስቀምጫለሁ፣ እርሳስም አለ። አንድ አንድ ውሰዱና ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡ። መስመር በመስመር አብረን እናንብበው፤ ያልገባን ላይ ክብ እናድርግበት። ከዚያ ክቦቹን ሰብስበን ማንን እንደምንጠይቅ እንነጋገራለን። ቡናው እስኪፈላ ይበቃናል።